ደማቅ ፊደል ለማን ነው?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ በየቀኑ ስለምናየው፣ ስሙን ግን ጠይቀን ስለማናውቀው ነገር ነው፤ ስለ ፊደል ቅርጽ። የዕብራይስጥ መጽሐፍ ስትገልጡ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ፊደል ፍራንክ ሪል ይባላል። የሠራው ራፋኤል ፍራንክ በጀርመን አገር በላይፕሲግ ከተማ የምኵራብ ሐዛን ነበር። በዚያው ከተማ ከነበረው የሪል ፊደል ማምረቻ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1910 አካባቢ አወጣው።

ሐዛን ምን አገናኘው ከፊደል ጋር? ንባብ ነዋ! በፊት የነበረው የማተሚያ ፊደል ወፍራሙ መስመር በጣም ወፍራም፣ ቀጭኑ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነበር። ቤትና ካፍ፣ ዳሌትና ሬሽ፣ ጊሜልና ኑን ይምታቱ ነበር። እሱ ቀጭኑን መስመር አጠነከረ፣ የሚመሳሰሉትን ለያየ። የጥንቱን መልክ ግን አላፈረሰም።

አሁን ወደ ራሳችን ፊደል እንምጣ። ቄሶቻችን የሚያነቡት ኦሪት በግዕዝ፣ በብራና ላይ በብርዕ የተጻፈ ነው። በብርዕ ሲጻፍ ወደ ታች የሚወርደው መስመር ይወፍራል፣ ወደ ጎን የሚሄደው ይቀጥናል። በዕብራይስጥ ግን ወፍራሙ የላይና የታች አግዳሚው ነው። ስለዚህ ለአንዱ የሚሆን ለሌላው አይሆንም።

ልጆች፣ በሁለት ቋንቋ ማስታወቂያ ስታዘጋጁ ይህን አስቡ። ለዕብራይስጡ ደማቅ ፊደል ትመርጣላችሁ፤ ለአማርኛው ግን ኮምፒዩተሩ የሰጣችሁን ቀጭን ፊደል ወስዳችሁ «አድምቅ» የሚለውን ትጫናላችሁ። ደማቅ ሆኖ ያልተሠራ ፊደል በግድ ሲወፍር ትንንሾቹ ቀለበቶች ይደፈናሉ። «ሜ» «ሚ» ይመስላል፣ «ሌ» «ሊ» ይመስላል። እናታችሁ ታዲያ ምን ታንብብ?

መፍትሔው ቀላል ነው። ከመጀመሪያው ደማቅ ተደርጎ የተሳለ ፊደል ውሰዱ። ለአማርኛ ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ፣ ለዕብራይስጥ ፍራንክ ሪል ሊብሬ አለ፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ፣ ሁለቱም ደማቅ አላቸው። ደማቁን ለርዕስ፣ ለቀን፣ ለሰዓትና ለቦታ አድርጉት። ረጅሙን ጽሑፍ በተራው ፊደል ጻፉት፤ ሁሉም ከደመቀ የደመቀ ነገር የለም።

ወላጆችም አንድ ነገር ልለምናችሁ። የደረሳችሁ ወረቀት አልነበብ ካለ «ዓይኔ ደክሟል» ብላችሁ ዝም አትበሉ። ጥፋቱ የፊደሉ ሊሆን ይችላልና ለልጆቹ ንገሯቸው።

እናንተም ወጣቶች፣ ወደ ማተሚያ ከመላካችሁ በፊት አንዱን ቅጂ ለአያታችሁ ስጡ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡላችሁ። የተደናቀፉበትን ቦታ አስተካክላችሁ ከዚያ አሳትሙ። አማርኛው ከዕብራይስጡ እኩል ጎልቶ ሲታይ፣ ወላጆቻችን የተጻፈው ለእነሱም እንደሆነ ያውቃሉ።