መድኃኒት ያዘለ ሌንስና የጋሞ ደጋ ውኃ



በዐይን ላይ የተንጠባጠበ መድኃኒት በእንባ እየታጠበ አብዛኛው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይባክናል። መድኃኒት ያዘለ ኮንታክት ሌንስ ግን ኮርኒያ በተባለው የዐይን ግልጽ ሽፋን ላይ ተቀምጦ መድኃኒቱን ለሰዓታት በዝግታ ይለቃል። የዚህ ዓይነቱ ሌንስ እ.ኤ.አ. በ2021 በጃፓን፣ በ2022 በአሜሪካ የተፈቀደው ለአለርጂ ማሳከክ ነው። ለባክቴሪያ ሕመም የታሰበው በምርምር ላይ ይገኛል።

ታዲያ ይህ ጥበብ ለጋሞ ዞን ምን ይፈይዳል? በዚያ የሚያሠጋው የባክቴሪያ ሕመም ትራኮማ፣ በተለምዶ ማዝ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው የኢትዮጵያ ሕፃናት 40 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸው ነበር። ሕመሙ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ሲደጋገም በዐይን ቆብ ውስጥ ጠባሳ ይተዋል፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ፀጉሩ ኮርኒያውን ይፍቃል፤ በተፋቀው ላይ ሌላ ባክቴሪያ ሲገባ የዐይን ብርሃን ይጠፋል።

ሌንስ የተፋቀውን ኮርኒያ ለጊዜው ሊከልል ይችላል። ሆኖም ሌንስ የሚነካ እጅ አስቀድሞ በንጹሕ ውኃና በሳሙና መታጠብ አለበት። ስለዚህ ውኃ ባልደረሰበት ቤት ሌንሱ ራሱ የሕመም መግቢያ ይሆናል።

አዚትሮማይሲን በአንድ ጊዜ መጠን ባክቴሪያውን ያጠፋል። ነገር ግን የሕፃኑ ፊት ካልታጠበ፣ ዝንቡም ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ከተራባ፣ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል። የዓለም የጤና ድርጅት የተቀበለው ስልት አራት ክፍል አለው፦ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕና እና የአካባቢ መሻሻል። የኋለኞቹ ሁለቱ ያለ መሐንዲስ አይፈጸሙም።

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከምንጮቿ ነው። ምንጮቹ ግን ከገደሉ ግርጌ ይፈልቃሉ፤ ጨንቻና ዶርዜ ከላይ ደጋው ላይ ናቸው። ውኃ በራሱ ሽቅብ አይወጣም፤ በፓምፕ መግፋትም ነዳጅና መለዋወጫ ይጠይቃል። ስለዚህ ከመንደሩ በላይ የሚገኘውን የደጋ ምንጭ አጎልብቶ፣ በቧንቧ ቁልቁል ወደ ማጠራቀሚያና ወደ ቦኖ ማውረድ ይመረጣል። የምንጩ ፍሰት በክረምት ሳይሆን በበጋ ይለካ፤ ቦኖውም ለቤቶቹ ይቅረብ። ውኃ ከሩቅ በእንስራ ሲመጣ ለመጠጥና ለወጥ ይቆጠባል፤ የሚቀርበትም የሕፃኑ ፊት ነው።

በአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር፤ ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ይገኛል። ከዚያ የሚወጣ ባለሙያ የሥራውን ውጤት በተዘረጋው ቧንቧ ርዝመት ብቻ ሳይሆን፣ ጧት ጧት ታጥቦ በሚታየው የሕፃን ፊት ጭምር ቢለካ፣ ሐኪሙ የሰጠው መድኃኒት ከንቱ አይቀርም።