የቤተ ክርስቲያንን በርና መስኮት ከዝናምና ከፀሐይ ስለ መጠበቅ

(በእንጦጦ ማርያም ደብር ስለ ኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል)



እንዲህ ባለው በዓል የመሥራቾቹን ታሪክ መናገር የተለመደ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነትን ዘውድ በዚህ ስፍራ እንደ ደፉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ዝቅ ያለ ስለሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም በውጭ ቆሞ ዝናሙንና ፀሐዩን ስለሚቀበለው እንጨት ነው። ታሪክን ለልጅ የምናወርሰው ቤቱ ሲቆም ነውና።

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ተራራ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ የፀሐይ ጨረር ከቆላው ይልቅ ይበረታል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናምና በረዶ ይወርዳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ቀኑ ያቃጥላል፥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህም ሲደጋገም ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፥ ከዚያም መበስበስ ይጀምራል።

ጽድ በተፈጥሮው ብስባሴንና ምስጥን ይቋቋማል። ዝግባ ግን ለሥራ የተመቸ ቢሆንም ያለ ቅብ በውጭ አይበረክትም። ዛሬ ተራራችን በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ለብሷልና፥ የጠፋውን የጽድ ሳንቃ በመሰሉ መተካት ቀላል አይደለም።

ኖኅ መርከብ ሲሠራ ውስጡንና ውጭውን ቅጥራን እንዲቀባ ታዟል። በኖርዌ አገርም በቦርጉንድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1180 ገደማ የተሠራ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ቆሟል። ያቆመው የእንጨቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ትውልድ ለትውልድ የጥድ ቅጥራን እየደጋገመ ስለ ቀባው ነው እንጂ።

እኛ ዘንድ የተለመደው ቫርኒሽ ነው። ቫርኒሽ የጠራ ስለ ሆነ የእንጨቱን መልክ ያሳያል፤ ነገር ግን ብርሃኑንም ያሳልፋል። ጨረሩ ከሥር ያለውን የእንጨቱን ፊት ሲያደክመው፥ ቅቡ የሚይዘው አጥቶ ይላጣል። በተላጠው ጠርዝ የገባውም ውሃ ከቅቡ በታች ታስሮ ይቀራል። በቅኔ ቤት ሰሙ ሲገለጥ ወርቁ ይገኛል፤ በእንጨት ግን ሰሙ ሲላጥ ወርቁ ይጠፋል።

ስለዚህ የሚከተለውን መጠበቅ ይገባል።

መጀመሪያ፥ ጊዜውን መምረጥ ነው። የብዙኃን ማርያም በዓል መስከረም 21 ቀን ካለፈ በኋላ እንጨቱ በጥቅምት ይድረቅ፤ በኅዳር ጤዛው ከረገፈ በኋላ፥ የቀትር ፀሐይ በማያገኘው ሰዓት ይቀባ።

ሁለተኛ፥ በተላጠ ቅብ ላይ አዲስ ቅብ አይደረብ። ልሙ ይፋቅ፥ በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ፥ አቧራው ይጠረግ።

ሦስተኛ፥ ለውጭ ተብሎ የተሠራና ጨረር የሚከላከል ቫርኒሽ ይመረጥ። የመጀመሪያው ቅብ በአኳራጅ ቀጥኖ እንጨቱ ይጠጣው፤ ከዚያ ሦስት ወይም አራት ጊዜ በስሱ ይደገም። የበሩ የታች ጠርዝና የሳንቃው ጫፍ ውሃን ከሁሉ ይልቅ ይጠጣሉና አይረሱ። መልኩ መታየቱ ግድ ካልሆነ የዘይት ቀለም ብርሃንን ስለሚከለክል ይልቅ ይበረክታል።

አራተኛ፥ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ አይጣል፤ ክብሪት ሳይነካው ከራሱ ሙቀት ይነድዳልና። ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም በውሃ ይነከር።

አምስተኛ፥ ሥዕል ያለበትን እንጨት የቅርስ ባለሙያ ሳያይ ማንም ቫርኒሽ አይቀባው።

የተወደዳችሁ ሆይ! ስለት የሚያገባ ሰው ምንጣፍ፥ መጋረጃ፥ ጃንጥላ ያመጣል፤ መልካም ነው። የሚያበራ ቅብ የሚያመጣም አይጠፋም። ነገር ግን አሮጌውን ልጣጭ ለመፋቅ ክንዱን የሚሳል ጥቂት ነው። ቅብም ጌጥ ብቻ ሳይሆን የእንጨት ልብስ ነው፤ ልብስም ሳይቀደድ ይጠገናል። እንግዲህ በየዓመቱ በኅዳር አንድ ቀን ለይተን፥ ሽማግሌው እያሳየ ወጣቱ በሩንና መስኮቱን እየዳሰሰ የደከመውን እንድንጠግን እለምናለሁ። ያን ጊዜ ከእኛ በኋላ የሚመጡት አባቶች የከፈቱትን በር እነርሱም ይከፍቱታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።