ለአያትም ለልጅ ልጅም የሚሆን ምትሃት

በአንድ ግብዣ ላይ ሕፃን፣ ጎረምሳና አያት አብረው ሲታደሙ የምትሃት ትርኢት አቅራቢው ሥራ ይከብዳል። ትንሹ ቶሎ ይሰለቻል፤ ጎረምሳው ደግሞ ብልሃቱን ለማጋለጥ ዓይኑን አፍጦ ይጠብቃል።

ፈረንሳዊው ምትሃተኛ ዣን ኡዤን ሮበር ኡደን ለዚህ መላ ነበረው። ሰዓት ሠሪ የነበረው ይህ ሰው በ1845 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ የራሱን ቴአትር ከፈተ። እጅግ ከታወቁለት ትርኢቶች አንዱ የብርቱካን ዛፉ ነው። ከታዳሚ መሐረብ ይዋስና ይሰውረዋል። ከዚያ ዛፉ ያብባል፤ ያፈራልም። እውነተኛዎቹ ብርቱካኖች ተቆርጠው ለተመልካች ይታደላሉ። ዛፉ ላይ የቀረችው የመጨረሻዋ ስትከፈት፣ ሁለት ሰው ሠራሽ ቢራቢሮዎች የጠፋውን መሐረብ ዘርግተው ብቅ ይላሉ።

ከሁሉም የሚልቀው ጥበብ ያ የተዋሰው መሐረብ ነው። የሕፃኑን ዓይን ቢራቢሮዎቹ ይይዙታል፤ አዋቂውን የሚያስደንቀው ግን የገዛ ንብረቱ መመለስ ነው።

ቤት ውስጥም ከእንግዳ የተዋሱት ቀለበት ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ልጆች ከፊት ምንጣፍ ላይ፣ ትልልቆች ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ከምትሃተኛው ጎንና ጀርባ ግን ማንም አይሁን።

አዘጋጆች ሆይ፣ ሳንቲምና ትንንሽ ኳሶችን ሕፃናት ሊውጧቸው ስለሚችሉ ትርኢቱ እንዳበቃ ወዲያው ሰብስቧቸው።