የአይሱዙዋ ትርፍ የማን ነው?

(ደምበል አካባቢ በተካሄደው የአባላት የሩብ ዓመት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናታችን ተነሥተው «መኪናዋን ከገዛንበት አስበልጦ የሚገዛን ሰው መጥቷል። አትርፈናል ማለት ነው፤ ካዝናም ውስጥ ገንዘብ አለ፤ ለምን አንካፈልም?» ብለው ጠየቁ። ብዙዎቻችሁ አጨበጨባችሁ። እኔ ዝም አልኩ፤ በጭብጨባ መሃል የሒሳብ ሠራተኛን የሚሰማ የለም። መልሱን ዛሬ ይዤ መጥቻለሁ።

ለእንግዶቻችን ነገሩን ከሥሩ ላንሣው። አትክልት ተራ ፒያሳ ሳለ ማለዳ ደርሰን ገዝተን እንመለስ ነበር። ገበያው በ2012 ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሲዛወር የማመላለሻ ወጪያችን ከፍ አለ። በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ደንበኛም ቸርቻሪም ተበተነ፤ አንዷ ገላን ጉራ ገባች፣ ሌላዋ እዚሁ ቂርቆስ ዘመድ ተጠግታ ቀረች። ያኔ ነው ከመቂና ከባቱ ሽንኩርትና ቲማቲም ራሳችን እናምጣ ያልነው። ግማሹን ከቁጠባችን፣ ግማሹን ከአጋሮቻችን አውጥተን አንድ ያገለገለች አይሱዙ ኤንፒአር ገዛን።

«አዲስ ለምን አልገዛችሁም?» ላላችሁን አጋሮች መልሱ አጭር ነው፤ አቅም የለንም። አሮጌውም ቢሆን እዚህ አገር ርካሽ አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከባድ ታክስ ጣለ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ በብር ሲቆጠር ናረ፤ መለዋወጫም አብሮ። ኮሌጅ ሳለሁ የእርጅና ቅናሽን የተማርኩት የንብረቱን ዋጋ ለአገልግሎት ዘመኑ በማካፈል ነው። መኪናዋ እያረጀች ዋጋዋ የሚጨምርበት ሒሳብ ግን አልተማርኩም። እናታችን ያዩት ጭማሪ እውነት ነው፤ ነገር ግን የጨመረው የሌሎቹም አይሱዙዎች ዋጋ ነው። ይህችን ሸጠን በገንዘቡ የምናገኘው ያችኑ የመሰለች፣ ምናልባትም የባሰች ናት።

ስንገዛ ያየነውን ላጫውታችሁ፤ የምትገዛ ሌላ ማኅበር ብትኖር ይጠቅማታል። የመጀመሪያዋን ለማየት ስንደርስ ሞተሩ ተነሥቶ ጠበቀን። መካኒካችን ራዲያተሩን በእጁ ነካ አደረገና «ይህ ከቆየ ቆይቷል፤ ነገ ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ እንመጣለን» አለ። በማግስቱ በስንት ልመና ተነሣች፤ ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው ማለት ነው። ጥቁር ሲሆን ናፍጣው ለአየሩ በዝቶበታል። ነጩ ሞተሩ ሞቆም አልቆም ካለ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ውኃ ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍተው ጭሱ እንደ ጀበና ይተነፍስ ነበር። ትተናት ሄድን።

ሁለተኛዋ ቀለሟ ያምር ነበር። መካኒኩ በባትሪ ከሥር ገብቶ ሻንሲው ላይ የተበየደ ቦታ አገኘ፤ በጥቁር ቀለም ተሸፍኗል። ከመጠን በላይ ስትጭን የኖረች ናት አለን።

ሦስተኛዋን ገዛን። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር አመሳክረን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት አጣርተን ወደ ውል ስንሄድ ሻጩ ያለ ባለቤቱ መጣ። «እሷ ክፍለ ሀገር ናት፤ እኔ እበቃለሁ» አለ። ደላላው ውሉ ይፍጠን ብሎ አዋከበን። እኛ እሷ ሳትፈርም አንገዛም አልን፤ የጋራ ሀብት ከሆነ ነገ ውሉ ሊፈርስ ይችላል፣ ደግሞም የሴቶች ማኅበር ሆነን ከሌላ ሴት ጀርባ አንገዛም። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣችና ፈረመች። ሽያጩን የሰማችው ለፊርማ በተጠራች ዕለት መሆኑን ኋላ ነገረችኝ።

ከመግዣው ገንዘብ ከአምስት እጅ አንዱን ሳንነካ አስቀርተን ነበር። ሁለት ወር አልቆየም። የፊት ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ የኖዝል ማስተካከያ፣ ዘይትና ፊልትሮ በሙሉ። ሶማሌ ተራ ስንት ቀን እንደተመላለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ የዋናውና የተመሳሳዩ ዕቃ ዋጋ፣ የአዲሱና የተፈታው ዋጋ፣ እያንዳንዱ ለየብቻ ነው። ያለ ደረሰኝ ርካሽ የሚሸጥላችሁ ሰው ቢመጣ አትቀበሉ፤ ወጪው ግብር ላይ አይያዝልንም።

ማሻሻሉ ላይ ነው የተከራከርነው። የነገሩን ሁሉ አንድ ነገር ነው የመከሩን፤ «ሁለት ባሌስትራ ጨምሩ፣ የካሶኒውን ግድግዳ ከፍ አድርጉ፣ ፓምፑን ከፍ አስደርጉ፤ በአንድ ጉዞ የሁለት ጉዞ ትጭናላችሁ።» እኔም በወረቀት ሠራሁት፤ ትርፉ ያጓጓል። ወረቀቱን ለመካኒኩ ሳሳየው «ፍሬኑንስ ማን ይጨምርላታል?» ብሎ መለሰልኝ። ባሌስትራ ጭነት ይሸከማል እንጂ አያቆምም። ፍሬኑ፣ አክስሉ፣ ሻንሲው ያው የድሮው ነው። ባቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ወደ 2,300 ትጠጋለች። እኛ ወደ ታች ባዶ ወርደን፣ ተጭነን ሽቅብ እንመጣለን። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ የእኛ ሞተር ደግሞ ተርቦ የለውም። ፓምፑን ስንከፍት ናፍጣው ይጨመራል እንጂ አየሩ አይጨመርም፤ ትርፉ ጥቁር ጭስ፣ የናፍጣ ወጪና የሞተር ሙቀት ነው።

አይሱዙን ሕዝቡ «አልቃይዳ» ያለው ለምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ገበያ ለመድረስ በሌሊት ከጭነት ጋር ሲበርሩ ስንቱን እንደጨረሱ አይታችኋል። የእኛን መኪና የሚነዳው የአንዷ አባላችን ልጅ ነው። እናቱ እዚህ ተቀምጣለች። ባሌስትራው አልተጨመረም፤ ግድግዳውም ከፍ አላለም።

አሁን ወደ ካዝናው ልመለስ። መኪናዋ ውስጥ የጉዞ ደብተር አለ፤ ኪሎ ሜትር፣ ናፍጣ፣ ጭነት፣ የተጨመረ ዘይት። አይሱዙዋ ስድስት ጎማ አላት። የስድስቱን ዋጋ ጎማዎቹ ለሚቆዩበት ኪሎ ሜትር አካፍዬ የእያንዳንዱን ጉዞ ድርሻ አወጣለሁ፤ ለፍሬንና ለፍሪሲዮንም እንዲሁ። ዛሬ ካዝና ውስጥ ካለው ከግማሽ በላዩ የዚህ ነው። ገና ስላልተከፈለ ብቻ የእኛ ይመስላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። መጀመሪያ በሦስት ጉዞ አንድ ሊትር ዘይት ይጨመር ነበር። ካለፈው ወር ጀምሮ በየጉዞው አንድ ሊትር ሆኗል። መካኒኩ ሞተሩ እስከ ሚያዝያ ቢቆይ ነው፣ ከዚያ መከፈት አለበት ብሏል። ያኔ ገንዘቡ ከሌለ መኪናዋ ጋራዥ ቆማ እኛ እንደ ድሮው ለማመላለሻ እንከፍላለን።

ለአጋሮቻችን በቅንነት አንድ ነገር ልበል። መኪና ስትገዙልን በፎቶው ላይ አብረን ቆመናል፤ ደስ ብሎናል። ለሞተር ዕድሳት የሚሰጥ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ ፎቶው አያምርም መሰለኝ። በሚቀጥለው ዕቅዳችን «ጥገና» የሚል መስመር ስታዩ እንዳትሰርዙት እለምናችኋለሁ።

ሐሳቤ ይህ ነው፤ የጎማና የሞተር ድርሻው በሁለት አባላት ፊርማ በሚንቀሳቀስ የተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ የቀረውን ዛሬውኑ እንካፈል። ትንሽ ነው፤ አልዋሻችሁም።

የጉዞ ደብተሩ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። እጅ ከማውጣታችሁ በፊት እየመጣችሁ የመጨረሻዎቹን ሦስት ገጾች፣ «ዘይት» የሚለውን ዓምድ ተመልከቱ። ማንበብ ለሚቸግራቸው እናቶች እኔ አነብላቸዋለሁ።