ስለ ባለሁለት ቋንቋ ከተማ፤ ከኮልፌ ቀራንዮ እስከ ኤኬኔስ



ዛሬ በፊታችሁ የምናቀርበው ነገር ዘወትር በአፋችን ስለምንጠራው ስም ነው። የምንኖርበትን ክፍለ ከተማ ኮልፌ ቀራንዮ እንለዋለን። «ኮልፌ» በኦሮምኛ «ሳቀ» ማለት ነው። «ቀራንዮ» ግን ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የመጣ ስም ሲሆን፥ ጌታ የተሰቀለበት፥ የራስ ቅል የተባለው ስፍራ መጠሪያ ነው። እንግዲህ ሳቅና ስቅለት ባንድ ማኅተም ላይ ተጽፈው ይኖራሉ። ወደ ምዕራብ ስንወጣ ካራ ቆሬን እናገኛለን፤ በኦሮምኛ ካራ መንገድ፥ ቆሬ እሾኽ ነው። ወዲህ ስንመለስ ደግሞ አየር ጤናና ሎሚ ሜዳ በአማርኛ ይቀበሉናል። በየሱቁና በየደጁ የሚሰማውን ጉራጊኛና ስልጥኛ ሳንቈጥር፥ ሰፈራችን በስሙ ብቻ እንኳ ባለሁለት ቋንቋ ነው።

ነገር ግን ሁለት ቋንቋ በስም ጐን ለጐን መቆሙ ብቻ ይበቃልን? ይህን ለመመርመር ስለ አንዲት ሩቅ ከተማ ጥቂት እንናገር።

በፊንላንድ ደቡብ ጠረፍ፥ ከባሕር ዳር፥ አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። በስዊድንኛ ኤኬኔስ፥ በፊንላንድኛ ታሚሳሪ ትባላለች። በሁለቱም ስሟ ውስጥ የበሉጥ ዛፍ አለ፤ አንደኛው የበሉጥ ልሳነ ምድር፥ ሁለተኛው የበሉጥ ደሴት ይላታል። የከተማነት መብት የሰጣት የስዊድን ንጉሥ ጉስታቭ ቫሳ ሲሆን፥ ይኸውም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1546 ነበር። ፊንላንድ እስከ 1809 በስዊድን፥ ከዚያም እስከ 1917 በሩሲያ ሥር ነበረች። በዚያ ዘመን አብዛኛው ጊዜ ብዙው ሕዝብ የሚናገረው ፊንላንድኛ ሲሆን የፍርድ ቤቱና የቢሮው ቋንቋ ግን ስዊድንኛ ነበር። በ1863 ዓፄ አሌክሳንደር ሁለተኛ ፊንላንድኛ በ20 ዓመት ውስጥ በመሥሪያ ቤት እኩል እንዲሆን አዘዙ። ነጻነት ከተገኘ በኋላ የ1919 ሕገ መንግሥት ሁለቱንም ብሔራዊ ቋንቋ አደረጋቸው።

ዛሬ በመላው አገሪቱ ስዊድንኛ ተናጋሪው ከመቶ 5 እጅ ያህል ነው፤ በኤኬኔስ ግን እርሱ ይበዛል። ከተማይቱ ከ2009 ጀምሮ ራሴቦሪ በምትባል ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ተጠቃላለች። አሁን በሚሠራበት ሕግ፥ አናሳው ወገን ከነዋሪው ከመቶ 8 እጅ ወይም 3,000 ሰው ከሞላ፥ ማዘጋጃ ቤቱ በሁለቱም ቋንቋ ማገልገል ግዴታው ነው። ቈጠራውም በየ10 ዓመቱ ይታደሳል። ልብ እንበል! ክርክሩ በስሜት ሳይሆን በቍጥር እንዲያልቅ ተደርጓል ማለት ነው።

ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥቱ ቋንቋ አደረገ፤ ኦሮምኛ ግን በትምህርት ቤትም በመሥሪያ ቤትም ስፍራ አልነበረውም። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ እዚሁ ኮልፌ የጦር ትምህርት ሲቀበሉ፥ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። እኒህ ሰው ሕዝቡ ፊደል እንዲቈጥር የሚደረገውን ዘመቻ መርተዋል፤ ቈይተውም በ1955 ዓ.ም. በተመሠረተው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ገብተው ስለ ኦሮሞ ሕዝብ መማር ተከራከሩ። ማኅበሩ ታገደ፥ እሳቸውም ታሰሩ፥ በ1967 ዓ.ም. ተገደሉ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን ጨምሮ በ5 ቋንቋዎች ጀምሮ ወደ 15 አደረሳቸው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ደነገገ።

ዛሬ ክፍለ ከተማችን በ2015 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከሸገር ከተማ ጋር ይዋሰናል። ከድንበሩ ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ አማርኛ፥ ወዲያ ኦሮምኛ ነው። ሕዝቡ ግን ወዲህና ወዲያ ሲመላለስ ይውላል፤ በገበያም በለቅሶም ይገናኛል። ከወዲያ የመጡ እናት በሽታቸውን ለሐኪም ለመናገር የልጅ ልጃቸውን አስተርጓሚ ያደርጋሉ። ከወዲህ የሄደ ሽማግሌም የመሬቱን ወረቀት ማንበብ አቅቶት ይመለሳል። እናት በልጅ ፊት ሊናገሩት የማይገባ ሕመም ሲኖርባቸውስ? ሳይናገሩት ይቀራሉ። የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው።

እኛ የምንለው አንዱ ቋንቋ ይውጣ፥ ሌላው ይግባ አይደለም። አማርኛን የሚወድ ኦሮምኛን መማሩ ከአማርኛው አያጐድልበትም፤ ኦሮምኛን የሚወድም እንዲሁ። ሕግ እስኪሞላ የምንጠብቀው ብዙ ነው፤ ከእኛ የሚጀመር ግን አለ። ነገ ሐኪም፥ ዳኛ፥ መምህር የምንሆነው እኛ ነንና፥ እያንዳንዳችን ከመመረቃችን በፊት የጎረቤታችንን ቋንቋ ቢያንስ ሰላምታ ለመስጠት፥ ሕመም ለመጠየቅና ማመልከቻ ለማንበብ እስክንበቃ እንማር። በማኅበራችንም ሁለት ሁለት እየሆንን፥ አንዱ ላንዱ እያስተማረ፥ በሳምንት አንድ ሰዓት እንመድብ። መምህሩም ተማሪውም አጠገባችን አለ፥ ወጪም የለበትም።