ካሮላይን ኢንግልስ፦ የአዲስ ከተማ እናት

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት እናት ነው። ንግሥት አልነበረችም። ጦር አልመራችም። በአሜሪካን አገር፣ ዛፍ በሌለበት ሰፊ ሜዳ ላይ አንዲት ትንሽ ከተማ ስትቆረቆር፣ ከነልጆቿ መጀመሪያ ከደረሱት ሰዎች አንዷ ነበረች። ስሟ ካሮላይን ኢንግልስ ይባላል። ከተማዋም ዲ ስሜት ትባላለች። የእኛው «ስሜት» እንዳይመስላችሁ፤ የአንድ ቤልጅጋዊ ሚስዮናዊ ቄስ ስም ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምነግራችሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ካሮላይን በ1839 ዊስኮንሲን በሚባለው አገር ተወለደች። አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት አባቷ ሐይቅ ላይ በመርከብ አደጋ ሞተ። እናቷ ልጆቿን ታቅፋ ቀረች። ችግር ነበረ። ቢሆንም ልጆቹ ፊደል ሳይቆጥሩ አልቀሩም። ካሮላይን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች የመንደር አስተማሪ ሆነች። በ1860 ቻርልስ ኢንግልስ የሚባል ሰው አገባች። የደመወዙ ማስተማር በዚያው አበቃ።

ቻርልስ ገበሬ ነው፣ አናጢ ነው፣ ቫዮሊንም ይጫወታል። ደግ ሰው ነበር። አንድ ነገር ግን ነበረበት፤ እግሩ አያርፍም። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ምዕራብ ይላል። በዚያን ጊዜ እንደ እርሱ ያለው ብዙ ነበር። በ1862 የወጣ ሕግ፣ አምስት ዓመት ተቀምጦ ላረሰ ሰው 160 ኤከር መሬት ይሰጥ ነበር። በእኛ በቀድሞው አለካክ ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል።

ታዲያ መሬቱ ባዶ ነበር ወይ? አልነበረም። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ይኖሩበት ነበር። በ1869 እነካሮላይን ካንሳስ ሲሠፍሩ መሬቱ የኦሴጅ ሕዝብ ነበር፤ ለሠፋሪም ገና አልተፈቀደም። በ1871 ቤቱንም እርሻውንም ትተው ወጡ። ካሮላይን እነዚያን የአገሩን ሰዎች ትፈራቸው ነበር፤ ትጠላቸውም ነበር። ልጇ ሳትደብቅ ጽፋዋለች። እኔም ስለ እርሷ ሳወራ አልደብቀውም።

ይህች ልጅ ላውራ ትባላለች። ታላቋ ሜሪ ናት፤ ታናሾቿ ካሪና ግሬስ ናቸው። አንድ ወንድም ነበራቸው። እርሱ እንዴት እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

በ1874 ቤተሰቡ ወደ ሚኔሶታ ሄደ። መጀመሪያ የኖሩት ከወንዝ ዳር አፈሩ ተቦርቡሮ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው። ስንዴ ዘሩ። በ1875 እህሉ ሊደርስ ሲል አንበጣ መጣ። አንበጣ ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም። እንቁላሉን ጥሎ ስለሄደ በሚቀጥለው ዓመት ኩብኩባው ከመሬት ፈላ። (የዚያ አንበጣ ዘር በኋላ ጨርሶ ጠፍቷል። ከ1902 ወዲህ በሕይወት ያየው የለም።) በኖቬምበር 1875 ወንዱ ልጅ ተወለደ። በዚያው ወር አባትዮው የእርዳታ ዱቄት ለማግኘት «ምንም የለኝም» ብሎ ፈረመ። ሕፃኑ ዘጠኝ ወር ሲሆነው፣ ሌላ ሥራ ፍለጋ ሲጓዙ በመንገድ ላይ ሞተ። እናቱ ቀብራው መንገዷን ቀጠለች። ላውራ በታወቁት መጽሐፎቿ ውስጥ ይህን አልጻፈችም። አንዳንድ ነገር ለማውራትም ይከብዳል መሰለኝ።

በ1879 ደግሞ ሜሪ በጠና ታመመች። 14 ዓመቷ ነበር። ከሕመሙ ዳነች፤ ዐይኗ ግን ጠፋ። ለብዙ ዘመን ምክንያቱ ቀይ ትኩሳት የሚባለው በሽታ ነው ሲባል ቆይቶ ነበር። በ2013 ሐኪሞች የተጻፈውን ሁሉ መርምረው አንጎል ላይ የደረሰ የቫይረስ በሽታ ሳይሆን አይቀርም አሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ። አንዲት እናት፣ አራት ሴቶች ልጆች፣ አንዷ ዐይነ ስውር። በዚህ ጊዜ ነው ቻርልስ እንደገና ወደ ምዕራብ እንሂድ ያለው! ወደ ዳኮታ የባቡር ሐዲድ እየተዘረጋ ስለነበረ፣ በሒሳብ ያዥነትና በዕቃ ቤት ጠባቂነት ሥራ አገኘ። ካሮላይን ሄደች። ልጆቿ ትምህርት ቤት ካለበት ቦታ እንዲቀመጡ ትፈልግ ነበርና፣ ከዚህ በኋላ ሌላ አገር መዞር እንዳይኖር ሐሳቧ ቁርጥ ነበር። በእርግጥም ከዳኮታ ወዲያ አልሄዱም።

ብርዱ ሲገባ የሐዲዱ ቀያሾች ቤታቸውን ትተው ሄዱ። ቤተሰቡ ጠባቂ ሆኖ ገባበት። በዙሪያው ከተማ የሚባል ነገር የለም፤ ሜዳ ብቻ ነው። በ1880 በፌብሩዋሪ ወር የዚያ ቦታ የመጀመሪያው የአምልኮ ጸሎት የተደረገው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። በረዶው ሲቀልጥ መሬት ፈላጊው ጎረፈ። ማደሪያ የለም፣ ምግብ ቤት የለም። እንግዳው ሁሉ የካሮላይንን በር ያንኳኳል። እርሷም እያበሰለች አበላች፣ ወለሉ ላይ አስተኛች፣ ዋጋውንም ተቀበለች። ጥሩ አደረገች፤ ድካም ነው እኮ።

ከተማዋ በዚያው ዓመት ተቆረቆረች። ወዲያው ክፉ ቀን መጣባት።

በ1880 ኦክቶበር ሲጋመስ የበረዶ ውሽንፍር ወረደ። አንዱ ሲያባራ ሌላው ይተካል። ሰው ከቤቱ እስከ ጋጣው ሲሄድ መንገድ ይጠፋበታል። በጃንዋሪ 1881 ባቡሩ ቆመ። እስከ ሜይ ወር ድረስ አልመጣም። ለከተማዋ ምግቡም፣ የድንጋይ ከሰሉም፣ ላምባውም የሚመጣው በባቡር ነበር። ሱቆቹ ባዶ ሆኑ። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ማገዶ ከየት ይመጣል? የከብቶቹን ድርቆሽ እንደ ገመድ እየገመዱ ማንደድ ጀመሩ። ድርቆሽ ቶሎ ነዶ ያልቃል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይገምዳል። እጃቸው ቆሰለ።

ዱቄት አለቀ። ስንዴ ግን ጥቂት ነበረ። ወፍጮ የለም። ካሮላይን በእጅ የሚዞር ትንሽ የቡና መፍጫ ነበራት። በእርሱ ፈጩ። ተራ በተራ፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተካው፣ ቀኑን ሙሉ። ከዚያ የወጣውን ሸካራ ዱቄት በእርሾ አቡክታ ትጋግራለች። ጠዋት ያ ዳቦ፣ ማታም ያው ዳቦ። ከድንጋይ ወፍጮ ሥር ያደጋችሁ እናቶች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ስንዴውም ሊያልቅ ሲል ሁለት ጎረምሶች ነፍሳቸውን ሰጥተው በበረዶው ላይ ሄዱና ከሩቅ ገበሬ ገዝተው አመጡ። አንደኛው በኋላ የላውራ ባል ሆነ።

ላምባ ሲያልቅ፣ ላውራ እንደጻፈችው፣ ካሮላይን ከጨርቅ ቁራጭና ከልብስ ቁልፍ ክር አበጀች፤ በጋሪ ቅባት ውስጥ ነክራ ኩራዝ ሠራች። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። በዚያች ኩራዝ ዙሪያ ልጆቹ ትምህርታቸውን በቃላቸው ይወጣሉ። ላውራ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሜሪ ሰምታ ትይዛለች። እኔ አስተማሪ ነኝና ከዚህ ታሪክ ሁሉ የማልረሳው ይህን ነው።

በዚያ ክረምት ቤቱ ውስጥ ሌላ ቤተሰብም ተጠግቶ ነበር። አንድ ወጣት ባልና ሚስት ከነሕፃናቸው የሚበላውን ተካፍለው ከረሙ። ይህም በልብ ወለዶቹ ውስጥ የለም። የተገኘው ላውራ ቀደም ብላ ስለ ራሷ ሕይወት ከጻፈችው ነው፤ እርሱም የታተመው በ2014 ነው።

ባቡሩ በመጣበት በዚያው ዓመት፣ በ1881 ኖቬምበር፣ ሜሪ ትምህርት ቤት ገባች። አዮዋ ውስጥ ቪንተን በምትባል ከተማ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነበረ። ዳኮታ የራሱ ስላልነበረው የማስተማሪያውን ክፍያ ለአዮዋ ይከፍል ነበር። ልብሱና የመንገዱ ወጪ ግን የቤተሰቡ ነበር። ለዚህ ሁሉም ሠራ። ላውራ ልብስ በመስፋት፣ በኋላም በ1883 መጨረሻ 16 ዓመቷ ሳለ አስተማሪ ሆና በመቀጠር አገዘች። ማስተማሩን አትወደውም ነበር፤ እናቷ ግን ከልጆቿ አንዷ አስተማሪ እንድትሆን ትሻ ነበር።

ሜሪ በ1889 ጨርሳ ተመለሰች። በጣቷ ታነባለች፣ ሙዚቃ ታውቃለች፣ የእጅ ሥራም ተምራለች። የፈረስ ዝንብ መከላከያ መረብ እየሠራች ትሸጥ ነበር። ቻርልስ በ1902 ከሞተ በኋላ እናትና ልጅ በከተማው ቤታቸው አብረው ኖሩ።

ካሮላይን በአፕሪል 1924 በ84 ዓመቷ ሞተች። ላውራ በዚያን ጊዜ ሩቅ አገር፣ ሚዙሪ ነበረች። እናቷን ከ1902 ወዲህ አላየቻትም። ለቀብሩም አልደረሰችም። መጽሐፍ ጽፋ ማሳተም የጀመረችው በ65 ዓመቷ፣ በ1932 ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ እናቷ በሞተች በዓመቱ፣ ለአክስቷ ለማርታ ደብዳቤ ላከች። እናንተ ልጆች ሳላችሁ ኑሮው እንዴት ነበር? ምግቡን እንዴት ትሠሩት ነበር? እያለች ጠየቀች። እናቷን ለመጠየቅ ጊዜው አልፏል። ማርታ ከካሮላይን ትበልጣለች፤ ወደ ዘጠና ተጠግታለች። እርሷም የምታስታውሰውን ሁሉ ጽፋ ላከችላት።