ስለ መረብ ትራፊክ ግራፎችና ስለ ማውጫ ገጻቸው

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



እ.ኤ.አ. በ1994 በእንግሊዝ አገር፣ በሌስተር ከተማ የሚገኘው የዴ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው በአንዲት የ64 ኪሎቢት መስመር ብቻ ነበር። ይህችን ቀጭን መስመር ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ኮምፒዩተሮች ይሻሙባት ነበር። መጨናነቋን ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን በየትኛው ሰዓት፣ በምን ያህል መጠን፣ በሚገባው ነው ወይስ በሚወጣው ተብሎ ቢጠየቅ ያለ ማስረጃ አስረግጦ መመለስ አይቻልም። በዚያ ይሠራ የነበረው ቶቢያስ ኦቲከር ኤም.አር.ቲ.ጂ. የተባለውን ፕሮግራም የጻፈው ይህንኑ ጥያቄ ለመመለስ ነው። ፕሮግራሙ በ1995 የጸደይ ወራት ለሕዝብ ወጣ፤ በ1996 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ዴቭ ራንድ ጊዜ የሚፈጀውን ክፍል በሲ ቋንቋ እንደ አዲስ ጽፎለት እጅግ ፈጠነ።

የአሠራሩ ሐሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ራውተርና ስዊች በየመስመሩ ያለፈውን ባይት እየደመረ የሚይዝ ቆጣሪ አለው፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የመብራት ቆጣሪ ብዙ አይለይም። ቆጣሪው የሚናገረው ጠቅላላውን ድምር እንጂ የወቅቱን ፍጥነት አይደለም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ኤስ.ኤን.ኤም.ፒ. በተባለው የመጠያየቂያ ሥርዓት በየ5 ደቂቃው ቆጣሪውን ያነባል፤ ከአዲሱ ንባብ አሮጌውን ይቀንሳል፤ ልዩነቱንም ለ300 ሴኮንድ ያካፍላል። የጥንቱ ቆጣሪ ባለ 32 ቢት ስለሆነ 4,294,967,296 ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በ10 ሜጋቢት መስመር ይህ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በሞላ የ100 ሜጋቢት መስመር ላይ ግን 343 ሴኮንድ ብቻ ይበቃዋል፤ በ1 ጊጋቢት መስመር ላይ ደግሞ 34 ሴኮንድ። በሁለት ንባቦች መካከል ቆጣሪው ደጋግሞ ከዞረ ስሌቱ ሐሰት ይሆናል፤ ግራፉ ግን እንደ ወትሮው አምሮ ይሣላል። የ64 ቢት ቆጣሪ ያስፈለገው ከዚህ የተነሣ ነው።

ንባቡ የሚቀመጥበት ፋይል መጠኑ አይጨምርም። የቅርቡ በ5 ደቂቃ አማካይ፣ የሳምንቱ በ30 ደቂቃ፣ የወሩ በ2 ሰዓት፣ የዓመቱ በአንድ ቀን አማካይ እየተጠቃለለ ይያዛል። ዋጋው ግን ይከፈልበታል፤ ለሩብ ሰዓት መስመሩን ያነቀው ጭነት በዓመቱ ግራፍ ላይ አይታይም።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ስለ አንድ ግራፍ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ግራፎቹ ሦስት መቶ ሲሆኑ ነው። ከኤም.አር.ቲ.ጂ. ጋር አብሮ የሚመጣው ኢንዴክስሜከር የተባለው መሣሪያ የማዋቀሪያውን ፋይል አንብቦ የግራፎቹን ማውጫ ገጽ ይጽፋል። ለአሥር መስመር ከዚህ የተሻለ አይፈለግም። ሆኖም ገጹ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ የሚያውቀው የተጻፈባትን ቀን ብቻ ነው። ትናንት የተዘረጋው መስመር በማውጫው ላይ የለም፤ ባለፈው ዓመት የተነቀለው ግን ስሙ እንደ ተጻፈ ይኖራል። በሌሊት ተረኛ የሆነው ባለሙያ መረቡ ታምሟል ተብሎ ሲጠራ በመጀመሪያ የሚከፍተው ይህንን ገጽ ነው። በማውጫው ላይ ያላየውን መስመር ሊጠረጥር አይችልም።

ከዚህም የከፋ አለ። መሣሪያዎች መስመሮቻቸውን በተራ ቁጥር ይጠራሉ፤ አንድ ራውተር ካርድ ተጨምሮበት ሲነሣ ቁጥሮቹ ሊዛወሩ ይችላሉ። ያን ጊዜ «የቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት» ተብሎ በተሰየመው ግራፍ ሥር የሌላ መስመር ትራፊክ ይሣላል፤ ሥዕሉ ትክክል፣ ስሙ ውሸት ይሆናል። መድኃኒቱ ማዋቀሪያው ሲዘጋጅ መስመሮቹን በቁጥራቸው ሳይሆን በስማቸው ወይም በአድራሻቸው ማስያዝ ነው።

ስለዚህ ማውጫው አስቀድሞ የተጻፈ ሳይሆን በተጠየቀ ቁጥር የሚጻፍ መሆን አለበት። አንድ ሰው ገጹን ሲከፍት በሰርቨሩ ላይ ያለ አጭር ፕሮግራም ይነሣል፤ ይህ ፕሮግራም በማዋቀሪያው ውስጥ የተመዘገቡትን መስመሮች ያነባል፤ በማህደሩ ውስጥ ያሉትንም የመረጃ ፋይሎች ይቆጥራል። ብዙዎች ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያነቡና ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ትልቁ ጥቅም ግን ሁለቱን በማመሳከር ላይ ነው። ተመዝግቦ ፋይል የሌለው መስመር መለካት አልጀመረም፤ ፋይል ኖሮት ያልተመዘገበው ተረስቷል ወይም ተሰርዟል። ሁለቱም በገጹ አናት ላይ ሊታዩ ይገባል።

ሦስተኛው ጥያቄ ፋይሉ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካው መቼ ነው የሚለው ነው። 15 ደቂቃ ካለፈው ሦስት ንባብ አምልጦታል ማለት ነው፤ ምናልባትም ለኳሹ ፕሮግራም ራሱ ቆሟል። ፋይሉ በየ5 ደቂቃው እየታደሰ መሣሪያው ግን ዝም ያለ እንደ ሆነስ? ኤም.አር.ቲ.ጂ. መልስ ሲያጣ፣ በልማዱ፣ የመጨረሻውን ዋጋ ይደግማል። የሞተው መሣሪያ በግራፉ ላይ የሚታየው እንደ ቀጥ ያለ አግዳሚ መስመር ነው። ይህን ወደ ዜሮ የሚለውጥ ምርጫ አለ፤ ጸሐፊዎቹ ግን ይጠነቀቁበት ዘንድ ይመክራሉ፤ ዜሮ ከሥራ ፈት መስመር አይለይምና። ምክራቸው ትክክል ነው። ሕያው ትራፊክ ምንጊዜም ይዋዥቃል፤ ስለሆነም ተከታታይ ንባቦች ፍጹም እኩል ሲሆኑ ማውጫው ያንን መስመር በቀይ ቢጽፈው የሰው ዓይን የሚዘለውን ያሳያል።

ኦቲከር በ1999 ያወጣው አር.አር.ዲ.ቱል ይህን ሥራ በእጅጉ አቃለለው፤ ማስቀመጡንና መሣሉን ለያይቶ፣ ያልታወቀውን ዋጋ «ያልታወቀ» ብሎ መዝግቦ ይይዛል። ግራፉ የሚሣለውም ሲፈለግ ብቻ ነው። ይህ ለሰርቨሩ እፎይታ ነው፤ ነገር ግን ማውጫው ሲከፈት ሦስት መቶ ሥዕል በአንድ ጊዜ የሚሣል ከሆነ እፎይታው ይጠፋል። ንባቡ በየ5 ደቂቃው ብቻ ስለሚለወጥ ከዚያ በፊት ደግሞ መሣል ከንቱ ድካም ነው፤ መሣሪያው አሮጌው ሥዕል እስኪያረጅ ድረስ እንዳይሥል የሚያዝዝ ምርጫ አለው።

የቅደም ተከተሉም ነገር ቀላል አይደለም። የፊደል ተራ ለፈላጊ ይመቻል፤ ለተረኛ ግን አይጠቅምም። በሜጋቢት ብዛት መደርደርም ያሳስታል፤ በ2 ሜጋቢት መስመር ላይ የሚሄድ 1.9 ሜጋቢት በ1 ጊጋቢት መስመር ላይ ከሚሄድ 300 ሜጋቢት ይልቅ ያስቸኩላል። የመጀመሪያው 95 በመቶ ሞልቷል፤ ሁለተኛው አንድ ሦስተኛ እንኳ አልሆነም። ስለዚህ መደርደር የሚገባው ከመስመሩ አቅም አንጻር ነው፤ ዝም ያሉት ግን ከሁሉም በላይ ይቀመጣሉ።

እንዲህ ያለው ገጽ የራሱ አደጋ አለው። የቀድሞው ደረቅ ገጽ የሚታይ ብቻ ነበር፤ ይኸኛው ግን ከማንም የሚመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ ፋይል ይከፍታል። ጠያቂው የላከውን ስም እንደ ወረደ የፋይል መንገድ የሚያደርግ ፕሮግራም ከማህደሩ ውጭ ያለውን ሁሉ ለሌባ ይከፍታል። የተላከው ስም ከተመዘገቡት መስመሮች ስም ጋር ይመሳከር፤ ከሌለ ጥያቄው ይመለስ። የማዋቀሪያው ፋይልም በድረ ገጹ ማህደር ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ መሣሪያዎቹን ለመጠየቅ የሚያገለግለው የምሥጢር ቃል በግልጽ የተጻፈው በእርሱ ውስጥ ነውና።

በመጨረሻም በገጹ ግርጌ ሁለት ሰዓቶች ይጻፉ፤ አንደኛው ገጹ የተሠራበት፣ ሁለተኛው ከመረቡ የመጨረሻው ንባብ የተገኘበት። በሁለቱ መካከል ከ5 ደቂቃ ብዙ የራቀ ልዩነት ከታየ፣ ተረኛው ግራፎቹን መመልከቱን ትቶ አስቀድሞ ለኳሹን ፕሮግራም ይመርምር።